ናችታር ሲንግና ዝናብ የጠጣው ቼሪ

በካናዳ ኦካናጋን ሸለቆ ቼሪ የሚባለውን ቀይ ፍሬ የሚያለማ ሁሉ ነቢይ ነው፤ ትንቢቱ ግን አንድም ቀን አይሰምርም። ከነዚህ ነቢያት ዋነኛው ናችታር ሲንግ ነበር። አባቱ የተከሏቸውን ዛፎች ሃያ ስምንት ዓመት ሲገርዝ ወገቡ ጎበጠ፤ ምላሱ ብቻ ሳትጎብጥ ቀረች። ካቻምና ሙቀቱ ፍሬውን ቀቀለው፤ አምና ውርጩ እንቡጡን ፈጀው። ዘንድሮ ዛፉ ሲያብብ ሚስቱ ስዋርን ቁርጡን ነገረችው።

«ይሄም ከጠፋ ዛፎቹ ይነቀላሉ። ሦስተኛ ዓመት አላለቅስም።»

«አይጠፋም አልኩሽ! ምን ታሟርቻለሽ?»

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ፍሬው ቀላ። ጎረቤቱ ዴልበርት ማክሰኞ ለቅሞ ጨረሰ። ናችታር ግን የስኳር መለኪያውን እንደ ወርቅ አንጣሪ ዓይኑ ላይ ደቅኖ ቆመ። ከመቶ አሥራ ሰባት ይላል፤ እሱ የሚሻው ሃያ ነው። በደንብ ያልጣፈጠ ቼሪ መልቀም የዚያ መንደር ነውር ነው፤ በነውሩ የሚከስረውም ያው መንደሩ ነው።

ዴልበርት አጥሩን ተደግፎ ሳቀበት። «ዝናብ ይመጣል እያሉ ነው እኮ። ያቺን ፍሬ ልትሸጣት ነው ወይስ ልታገባት?»

«አንተ ኮምጣጣ ሸጠህ ኮምጣጣ ሆነህ ትኖራለህ። ሦስት ቀን ብቻ።»

«እኔን ምን ትለኛለህ፣ ሰማዩን ለምነው!»

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ በዝናብ መለሰለት።

የግብርና ሊቃውንት በየዓመቱ በራሪ ወረቀት ያድላሉ፤ ናችታር የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጥበታል። የወረቀቱ ነገር ግን ቀላል ነው። የፍሬው ሥጋ የሕዋሳት ክምር ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ ሽፋን ታጥሯል። ሽፋኑ ውሃን ያሳልፋል፤ ስኳርን አላሳልፍም ይላል። ስኳሩ መውጣት ካልቻለ ውሃው ይገባል፤ ዘመድ ድግስ ወዳለበት እንደሚጎርፈው ሁሉ፣ ስኳር በበዛበት አብልጦ ይጎርፋል። ሕዋሱ ያብጣል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ይተረተራል። ዝናቡ እየወረደ ፍሬው ላይ የካልሲየም ጨው ቢረጭ ጨዋማ የሆነው የውጪው ውሃ ለመግባት ያን ያህል አይቸኩልም ነበር። ማን ይርጭ? ባለቤቱ ጣፋጭነት እያሳደገ ለውሃው በር ሲከፍት ከረመ።

«ፍሬውን በነፋሱ የሚያደርቅ ሄሊኮፕተር ጠርቻለሁ» አለ ናችታር ደረቱን ነፍቶ።

ሄሊኮፕተሩ ዝናቡ ሲያባራ መጣ። ከዛፎቹ አናት ላይ እያንዣበበ የቅጠሉንና የፍሬውን ውሃ ሁሉ አራገፈው። ፍሬው ደርቆ አብረቀረቀ። ናችታር እጁን እያጨበጨበ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አየሽ አይደል? አየሽ?»

«አየሁ» አለች፤ ፊቷን ግን አልፈታችም።

የደረቀው ቆዳው ብቻ ነበር። የገባው ገብቷል፤ ሥሩም ከረጠበው አፈር እየሳበ ይጨምርበታል። ዓርብ ጠዋት ከአሥር ፍሬ ሰባቱ ከተንጠለጠለበት ጭራ ዙሪያ ተሰንጥቆ ቀዩ ጭማቂ ይንጠባጠባል። ፍሬውን የሚረከበው የማሸጊያ ቤት ሰው መጣ፤ አንድ ቅርንጫፍ ቀና አድርጎ አየና ለቀቀው።

«ለጭማቂስ?» አለ ናችታር።

«እስከ ነገ ይሻግታል፣ ጋሼ። አዝናለሁ።»

ስዋርን ለቃሚዎቹን አመስግና አሰናበተች። ስልኳን አወጣችና ዛፍ ለሚነቅለው ባለ ኤክስካቫተር ደወለች። «ሰኞ ይነቀሉ» ስትል ባሏ ሰማት።

ናችታር የሄሊኮፕተሩ ነፋስ ገንጥሎት የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አየ። ቀና አድርጎ ከግንዱ ጋር በጨርቅ ያስረው ጀመር።

«ምን ልታደርገው?» አለችው።

ቋጠሮውን አጠበቀው።