ውሃ የማይወደው አቮካዶ

ባሌ ገብረአማኑኤል ጤነኛ ችግኝ ገዝቶ አያውቅም። ሌላው ሰው ቅዳሜ በጠዋት ገበያ ወርዶ ለምለሙን ይመርጣል፤ የኔው ጉድ የሚወርደው ገበያው ሊበተን ሲል፣ ሻጮቹ ደክሟቸው ጆንያቸውን ሲያራግፉ ነው። ቅጠሉ የጠወለገውን፣ አንገቱ የተሰበረውን፣ ፍየል የቀመሰውን ይፈልግና «ይቺ በሽተኛዋ ስንት ናት?» ይላል። በርካሽ ይሰጡታል፤ ማን ይከለክለዋል። ቤት ሲደርስ ግን ደረቱን ነፍቶ «ዱሬ፣ ዛሬ ሰው አታልዬ መጣሁ» ይለኛል። ማን ማንን እንዳታለለ ግቢያችንን ያየ ያውቀዋል።

የመንዝ ሰው ነው። በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት መዝገብ ቤት ተመድቦ አምቦ ሲመጣ አርባን ያለፈ ላጤ ነበር። እኔ ዱሬቲ የጉደር ልጅ ነኝ፤ ያኔ ጤና ጣቢያ ካርድ አወጣ ነበር፤ የኔን ዕድሜ ተዉት። እሱ ጾሙን ይጾማል፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ በዚህ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። የተጣላነው በግቢው ነው።

ችግኙ ሳያንስ ምክሩ! አጥር ላይ ተደግፎ የማይሰበስበው ምክር የለም። ደብሪቱ የምትባል ጎረቤታችን «የጽጌረዳ ቁራጭ ድንች ውስጥ ሰክተህ ብትተክል ይጸድቃል» አለችው። ሰካ፣ ተከለ። ጽጌረዳዋ ሞተች፣ ድንቹ በቀለ፣ ቀቅለን በላነው። ፓፓያው አላፈራ ሲል ደግሞ «ወንድ ስለሆነ ነው፣ የዛገ ምስማር ብትመታበት ሴት ይሆናል» አሉት። መታበት። ፓፓያው በወሩ ደረቀ፤ ምስማሩን ነቅዬ ግድግዳ ላይ መታሁትና ካፖርቱን ሰቀልኩበት። አመድ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ ሁሉም በየተራ ተሞክሯል። እኔ ስቆጥር አሥራ ሰባት ችግኝ ቀብሯል። ሰው በሰላም የሚኖርበት ግቢ የችግኝ መቃብር ሆኖ ቀረ።

ሁለት ሺህ አንድ ጥር ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ሃምሳ የፈረንጅ ጫጩት ላረባ አስቤ ነበር፤ ቤታቸውን የምሠራበት ቦታ ግን በሙሉ በገብሬ ሬሳዎች ተይዟል። ስለዚህ ጎረቤታችንን ጡረተኛውን መምህር ኦቦ ባይሳን ምስክር አድርጌ ቃል አስገባሁት። አንድ ችግኝ ይገዛል። እስከ ፋሲካ ካለመለመ ግቢው የእሱ ነው፤ ከደረቀ ለዶሮዎቼ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ አንዲት ቅጠል ይዞ በዚህ በር አይገባም።

እሱም ተስማማ። ለሥራው ደብዳቤ መዝጋቢ አይደል፣ «ፈርሜያለሁ» አለና እጁን ዘረጋ።

በሳምንቱ ጉደር ድረስ ሄዶ አንድ አቮካዶ ይዞ መጣ። የተዳቀለ ነው ተብሏል፤ ቅጠሉ አራት፣ ከአራቱ ሁለቱ የተበሉ። ሌላ ቦታ ሃያ ብር የሚሸጠውን በሦስት ብር ነው ያገኘው። የሸጠችለት ኡርጌ የምትባል አሮጊት ናት አለኝ፤ አያያዙንም ነግራዋለች።

«በኦሮምኛ ነው ያወራነው» አለ፣ ጉራውን መደበቅ አቅቶት። «ቢሻን ባዬ ሂን ጃለቱ አለችኝ። ብዙ ውሃ ይወዳል ማለት ነው።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ቢሻን ውሃ ነው፣ ባዬ ብዙ ነው፣ ይህን ያውቃል። በእኛ በሜጫ ኦሮሞዎቹ አነጋገር ግን «ሂን» የምትለዋ ለእሺም ለእምቢም ታገለግላለች፤ ልዩነቱ ያለው የቃሉ ጭራ ላይ ነው። «ሂን ጃለታ» ካለች ይወዳል። «ሂን ጃለቱ» ካለች አይወድም። የኔ ባል አሥራ አምስት ዓመት አምቦ ሲኖር የቃል ጭራ ጆሮው ገብቶ አያውቅም።

ላርመው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሃምሳዎቹ ጫጩቶች ትዝ አሉኝና መልሼ ዘጋሁት።

አዎ፣ ዘጋሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ ብዬ አላመካኝም፣ እኔው ነኝ። እሱ ጠዋት ቢሮ ሳይሄድ አንድ ጀሪካን፣ ከቢሮ ሲመለስ አንድ ጀሪካን ያፈስባታል። ችግኟ ቁማ ጭቃ ውስጥ ትዋኛለች። እኔ ጎመን እየቀነጠብኩ ዶሮ ቤቱን በልቤ አሠራለሁ፤ በሩን እንኳ በየት በኩል እንደማደርገው ወስኛለሁ።

በሳምንቱ ሁለቱ ደህና ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ገብሬ ጠማት ብሎ ጀሪካኑን ሦስት አደረገው። ያን ቀን ልብስ ላሰጣ ስወጣ ጀርባውን ሰጥቶኝ አጠገቧ ተቀምጧል፤ አላየኝም። ከችግኟ ጋር ያወራል።

«እኔ ሰኔ ሠላሳ ጡረታ ወጥቼ የቢሮ ቁልፍ አስረክባለሁ» ይላታል። «ከዚያ በኋላ ጠዋት ስነሳ የት ልሂድ? አንቺ እንኳ ቆዪልኝ እንጂ።»

ልብሱን እንደያዝኩ ተመለስኩ። እኔ ግቢ ነው የያዝኩበት መስሎኝ፣ ለካ የሰውየውን ጠዋት ነው የያዝኩበት። አሁን እንዳልነግረው ደግሞ «ሳምንት ሙሉ እያወቅሽ?» ይለኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ? አሰብኩ አሰብኩና አንድ ዘዴ መጣልኝ። በማግስቱ ማንም ሳይነሳ ወጥቼ የውሃ ቆጣሪውን ዘጋሁት።

«ውሃ ጠፋ» አልኩት።

«ጠፋ?» አለ፤ ጀሪካኖቹን አንጠልጥሎ ኦቦ ባይሳ ቤት ሄደ። እዚያ ቧንቧው ይንፎለፎላል። ቆይቶ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ተመለሰ። በየቀኑም እንደዚያው ሆነ፤ እኔ አልከፍትም፣ እሱ ከባይሳ ቤት ያመጣል። የተቀጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ቤቴ ያለ ውሃ፣ ሰሃን በጣሳ ሳጥብ፣ ልብሴን እህቴ ጋ ወስጄ ሳጥብ። ደብሪቱ ሳትቀር «ኧረ ዱሬ፣ የሰፈሩ ውሃ ያንቺን በር ብቻ ጠላ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ደግሞ ቆጣሪውን ልክፈት ባልኩ ቁጥር ችግኟን የማሰጥማት እየመሰለኝ እንደተዘጋ ተውኩት።

የሚገርመው ችግኟ ነፍስ መዝራቷ ነው። ቢጫው ረገፈና አናቷ ላይ ቀይ ለጋ ቅጠል ብቅ አለ። ይሄ ሁሉ ውሃ እየፈሰሰባት እንዴት ብዬ አልመረመርኩም፤ ተመስገን ብዬ አለፍኩ። ጎመኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ቀንጥበን አልጨርሰው አልን። እሱንም አልመረመርኩም።

የፋሲካ ዕለት ኦቦ ባይሳ ለምስክርነት መጡ። ዘጠኝ አዲስ ቅጠል ቆጠሩ። በልቤ የሠራሁት ዶሮ ቤት በዓይኔ ፊት ፈረሰ። ግን ገብሬን ሳየው ግቢ እንዳሸነፈ ሰው አልሆነም። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«ገብሬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩ። ኦቦ ባይሳን አየኋቸውና አፈርኩ፤ ቢሆንም ቀጠልኩ። «ያቺ አሮጊት አይወድም ነው ያለችህ። ሂን ጃለቱ አይወድም ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰምቻለሁ። ለዶሮዎቹ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ቆጣሪውንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ተያዩ። ኦቦ ባይሳ ሳቃቸውን አፍነው አፍነው አመለጣቸው።

«ባይሳ ነግሮኛል» አለ ገብሬ። «ቤቱ ውሃ ልቀዳ የሄድኩ ዕለት የአሮጊቷን ቃል ሳወራለት መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀብኝ።»

«ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ውሃ የተሸከምከው ለምንድን ነው?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ» አለ። «ውሃውን ጎመንሽ ላይ ነበር የማፈሰው። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች ስል ፋሲካ ደረሰ። ዱሬ፣ ወገቤን ጨረሽው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ አልኩት፣ ከልቤ። እሱ ግን ከኪሱ ገመድ አወጣና ግቢውን ለሁለት ለካው። የተሸነፍኩት እኔ፣ የሚያካፍለኝ እሱ። ሰኔ ሠላሳ ቁልፉን አስረከበ፣ ሐምሌ አንድ ጠዋት የዶሮ ቤቱን የመጀመሪያ ምሰሶ ሲቆፍር አገኘሁት።

ዶሮ ቤቱ ያለቀ ቅዳሜ ገበያው ሊበተን ሲል ጠፋብኝ። ሲመለስ ብብቱ ውስጥ አንዲት ዶሮ አለች፤ አንድ ዓይኗ የጨፈነ፣ እግሯ የሚያነክስ።

«በግማሽ ዋጋ ነው» አለ። ከዚያ ጉራውን ዋጥ አደረገና በሩ ላይ ቆሞ ጠየቀኝ። «ሴትዮዋ ሂን ኛቱ አለችኝ። ትበላለች ነው ወይስ አትበላም?»

«አትበላም» አልኩት፣ ዶሮዋን ገና መሬት ሳያስቀምጣት።