ቀልደኛ መሆኔን ያረጋገጥኩበት ቀን

ሊይዙኝ ሲመጡ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ሁለት ሰዎች የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆመው ስሜን ጠሩ። «አቤት» አልኩ። «ቦርሳህን ይዘህ ተከተለን» አሉኝ። አንድ ልጅ ጎበዝ ሆኖ ከሃያ አሥራ ሰባት አግኝቶ ነበር፤ ድምሩን ሳልጽፍለት ወጣሁ። ያቺ ነገር እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

የወሰዱኝ እዚያው አዳማ ፖሊስ ጣቢያ ነው። የአዳማን ሙቀት የማያውቅ ሰው አራት ሜትር በአምስት ሜትር ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ወንድ ያስብ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝና ገና በሩ ከኋላዬ ሳይዘጋ አካፈልኩት፤ ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር አይደርስም። ክፍሉ ላብ ላብና የሎሚ ልጣጭ ይሸታል። ከላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ንፋስ ታስገባለች፣ ንፋሱ ደግሞ የከተማውን አቧራ ሁሉ ይዞ ይገባል። አዲስ ገቢ የሚተኛው ባልዲው አጠገብ ነው። ባልዲው ለምን እንደሆነ አልናገርም።

የክፍሉ አለቃ፣ እዚያ ካቦ የሚሉት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሁለት ወር ሆኖታል፤ በጠየቀ ቁጥር «ፋይልህ እየተፈለገ ነው» ይሉታል። መምህር መሆኔን ሲሰማ በኦሮምኛ «ባርሲሳ» ብሎ ሰየመኝ፣ አስተማሪ ማለቱ ነው።

«ምን አድርገህ ነው፣ ባርሲሳ?»

«መጽሔት።»

«የፖለቲካ?»

«አይ፣ የተመራቂ ተማሪዎች ስንብት።»

ትንሽ አሰበና «እንዲህ ያለ ክስ ሰምቼ አላውቅም» ብሎ ከባልዲው ሁለት ሰው አራቀኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ሊሰናበቱ ሲሉ መጽሔት ያዘጋጃሉ፤ እነሱ ይርቡክ ይሉታል። በጣም የሚጠበቀው ትንቢትና ኑዛዜ የሚባለው ገጽ ነው። ማን ወደፊት ምን እንደሚሆን ይተነብያሉ፣ ለታናናሾቻቸው ደግሞ የማይረባውን ሁሉ ያወርሳሉ። ማንም ስሙን አይጽፍም። ሁሉም በወረቀት ጽፎ ካርቶን ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ የክፍሉ ኃላፊ መምህር፣ ማለትም እኔ፣ የእጅ ጽሑፍ ተለይቶ ጠብ እንዳይነሣ ሁሉንም በራሴ እጅ ገልብጬ ዋናዎቹን አቃጥላለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ብልህ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ማን እንደጠቆመብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቦርሳዬ ሲፈተሽ ታዲያ ከንቲባው፣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊው፣ ጄኔራሉ፣ ሙሉ ካቢኔ በገዛ እጄ ተጽፎ ተገኘ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ከእኔ በሃያ ዓመት የሚያንስ፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ሰው ነው። የተቀመጠበት ወንበር አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ የታጠፈ ፋይል ተደርጎለታል። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ኮምፒውተር ላይ የምንለውን ትጽፋለች። እሱ ወረቀቱን አንሥቶ እንደ ዜና አንባቢ አነበበ።

«"ሁሌ የሚያረፍደው ልጅ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ይሆናል፤ ባቡሩም እሱ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቀዋል።" ባቡሩን የምታስቆሙት መቼ ነው?»

«ልጁ ስለሚያረፍድ ነው።»

«ስንት ሰዓት?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ትምህርት የሚጀመረው በሁለት ሰዓት ነው።»

ሴትየዋ ይህንንም ጻፈችው።

«"ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለውን የአጥር ቀዳዳ ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች አውርሰናል። እየሰፋ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ አደራ።"»

«ሳምቡሳ ለመግዛት ይወጡበታል።»

«አይተነዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ሰው ልከን ነበር። አንዱ ባልደረባችን መሃሉ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ተማሪዎች ናቸው ጎትተው ያወጡት።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«"የክፍል አለቃችን ከንቲባ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት መንገዱን ያስቆፍራል። በሁለተኛው ዓመት ጉድጓዱን ይመርቃል። በሦስተኛው ዓመት ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቅና ማን እንደቆፈረው የሚያጣራ ኮሚቴ ያቋቁማል።" የትኛው ከተማ ነው?»

«አልተጻፈም።»

«ካልተጻፈ ታዲያ ለሁላችንም እንዴት ገባን?»

 መልሴን ሳይጠብቅ ወረቀቱን አስቀመጠ። «ይህንን የጻፈውን ተማሪ ንገረኝና ዛሬ ቤትህ እደር» አለኝ።

አውቃታለሁ። የሠላሳ ስምንቱንም ልጆች ጽሑፍ አውቃለሁ። መጨረሻ ወንበር የምትቀመጥ፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ በጣቷ እንጂ በአፏ የማትመልስ ልጅ ናት። አባቷ ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ዱከም ፋብሪካ ይሄዳል። ታናናሾቿ እንዲማሩ እሷ ዘንድሮ ካላለፈች እዚያው ፋብሪካ ሊያስገባት ቆርጦ፣ እኔው ቢሮ መጥቶ ነግሮኛል። ዩኒቨርሲቲ ሄደው የሚፈተኑት የማጠቃለያ ፈተና ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እዚህ ካመጧት ፈተናው ያልፋታል፤ ለእሷ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል የለም።

ጀግና አይደለሁም። ሚስቴን አሰብኩ፣ አልጋዬን አሰብኩ፣ ገላዬን መታጠብ አሰብኩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በምን እንደመለስኩት አላውቅም።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ አይደለህም።»

«በእጄ ነው የተጻፈው።»

«መምህር፣ ጠይቀናል። ርዕሰ መምህሩን ጠይቀናል፣ ተማሪዎችን ጠይቀናል፣ የበሩን ጥበቃ ሳይቀር ጠይቀናል። በሃያ ዓመት አንድ ሰው አስቀህ አታውቅም።»

«ጥበቃውም እንዲህ አለ?»

«እሱ ነው የባሰው።»

ይህ እንዲህ ያሳዝነኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያን ጥበቃ ሁሌ ጠዋት ጠዋት በጨዋታ ነው የማልፈው።

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሥራው የሰለቸው ይመስለኛል። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለህ። ስለ እኔ አንድ ትንቢት አዘጋጅተህ ና። ካሳቅከኝ ጸሐፊው አንተ ነህ። ካላሳቅከኝ ከነገ ጀምሮ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እዚህ አስቀምጣቸዋለሁ» አለኝ።

ክፍል ተመልሼ ለካቦው ነገርኩት። «ማን እንደጻፈው አልጠየቅንህም፤ አንተም እንዳትነግረን» አለኝ መጀመሪያ። ቀጥሎ ክፍሉን ዝም አሰኝቶ «ባርሲሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀልድ መማር አለበት» ብሎ አወጀ። ሃያ አምስት ሰው ወደ እኔ ዞረ። ክፍል ውስጥ እንዲህ ተደምጬ አላውቅም።

«በሐጂ ጀምር» አለኝ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፣ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩ ሽማግሌ። አጠገባቸው ተቀምጬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ወደፊት... ከዚህ ወጥተው፣ ጤና አግኝተው፣ ልጆችዎን ድረው ይኖራሉ።»

«አሚን» አሉ ሐጂ። «ልጄ፣ ይኼ ዱዓ ነው። ሳቁ የት አለ?»

ሁለተኛም ሞከርኩ፤ ሐጂ ብዙ ሱቅ ይኖርዎታል አልኩ። «አሚን» አሉ እንደገና። ክፍሉ በሙሉ አብሮ «አሚን» አለ። ካቦው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አቦ ባርሲሳ፣ አትመርቀው። ሰውየው በየቀኑ የሚያየው፣ ግን ማንም የማይነግረው ነገር ይኖራል። እሱን ፈልገህ ቀስ ብለህ ንካው። በጣም ከነካኸው ትመታለህ፣ ካልነካኸው ያንቀላፋል።»

«እኔን ለምሳሌ» አሉ ሐጂ፣ «ወላሂ፣ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ቤተሰቦቼ ሳያውቁ ማንኮራፋት ትቻለሁ። የሚያንኮራፋን ሰው ከግድግዳው ሥር አንሥተው ባልዲው አጠገብ ያስተኙታል። ሃምሳ ዓመት ሚስቴ ለምናኝ እንቢ ያልኩትን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ማስታወሻ የምይዝበት ወረቀት እየፈለግኩ ነበር። ከዚያ በኋላ በአስተኛኘቱ፣ በባልዲው፣ በምሳው ሽሮ ላይ ስንት ትንቢት እንደሞከርኩ አልቆጠርኩም። አንዱም አላሳቀም። ሐጂ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» እያሉ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ልጅቷን በዚያ ቢሮ ጣቷን አንሥታ ስትቆም በሐሳቤ አየኋት። ድምፅ እንኳ የላትም እኮ፤ ምን ብላ ትመልሳለች?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወሰዱኝ። መርማሪው ተቀምጧል፣ ሴትየዋም ጥግ ላይ ናት።

«እሺ፣ መምህር።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ያዘጋጀሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበርና ዓይኔ ያረፈበትን ያዝኩ።

«ከብዙ ዓመት በኋላ» አልኩ፣ «እርስዎ በክብር ጡረታ ይወጣሉ። ትልቅ የስንብት ዝግጅት ይደረጋል። ንግግሩ ሲያልቅ አንድ የሸበተ ሰው ከኋላ ተነሥቶ "ይቅርታ፣ የእኔ ፋይል የት ደረሰ?" ይላል። ሰው ሁሉ ይፈልጋል፤ ካዝናው ይከፈታል፣ መደርደሪያው ይወርዳል፣ የለም። እርስዎ "እስቲ እኔም ልፈልግ" ብለው ከወንበርዎ ይነሣሉ። ወንበሩ ያጋድላል። ፋይሉ ተገኘ።»

 አለቀልን አልኩ። ከዚያ ጥግ ያለችው ሴት አፏን በነጠላዋ ጥርቅም አድርጋ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። መርማሪው እሷን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ አለመሳቅ ሞከረ። ከአፍንጫው የሚተነፍስ የመኪና ጎማ የመሰለ ድምፅ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በሕይወቴ ያሳቅኩት የመጀመሪያ ሰው እሱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓይኑን ጠርጎ ጎንበስ አለና ፋይሉን ከወንበሩ ሥር አወጣው። አቧራውን አራገፈ። ላዩ ላይ ያለውን ስም ሲያነብ ሳቁ ቆመ። መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከሦስት ቀን በኋላ ካቦው «ፋይልህ ተገኝቷል» ተብሎ ተለቀቀ። የት እንደተገኘ አልነገርኩትም።

«እሺ» አለ መርማሪው። «የጻፉት እርስዎ ነዎት። ይፈርማሉ።» ጠዋት አንተ ያለኝ ሰው ነው። «አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። መጽሔቱ ሊታተም ይችላል፤ ገጹ ላይ ግን የጸሐፊው ስም ይወጣል። ባለቤት የሌለው ጽሑፍ አይሰራጭም።»

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ሃያ ዓመት የልጆቹን ስም ደብቄ፣ አሁን የእነሱ ጨዋታ ላይ የእኔን ስም ላስቀምጥ? ልጆች ይህን ይቅር አይሉም። ሌባ ነው የምባለው። እስክሪብቶውን ተቀበልኩና ማንም ሌላ ሰው ይሆን ብሎ እንዳይጠራጠር ከነአያቴ ስም ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ቆየሁ። ልጆቹ ወደ ፈተና ሲሳፈሩ እኔ ገና ውስጥ ነበርኩ፤ ሚስቴ ምሳ ስታመጣ «ሁሉም ሄደዋል፣ አንድም አልቀረም» አለችኝ። ያን ቀን ሽሮው ጣፈጠኝ። በዚያ ሰሞን በደመወዝ ጥያቄ የተያዙ መምህራን ስለነበሩ ከተማው እኔንም ከእነሱ ቆጠረኝ፤ አላስተባበልኩም። መጽሔቱ ወጣ፣ ስሜ በትልቁ ታትሞበት። በምረቃው ዕለት አንድም ተማሪ ከእኔ ጋር ፎቶ አልተነሣም። ያ ከእስሩ በላይ አመመኝ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ወር ከሞጆ በሚኒባስ ስመለስ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። አንገቷ ላይ የመታወቂያ ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ደረቅ ወደቡ ላይ ዕቃ ከጉምሩክ የምታስለቅቅ ትራንዚተር ሆናለች። በስልክ ስለ አንድ የዘገየ ኮንቴይነር አንዱን ስትቆጣው መኪናው ሁሉ ሰማት። ስልኩን ስትዘጋ ዞራ አየችኝ።

«መምህር፣ አላወቁኝም?»

«አወቅኩሽ» አልኩ።

ስለ ሥራዋ፣ ስለ አባቷ፣ ስለ ታናናሾቿ አወራችኝ። ሁሉም ተምረዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቀየሙኝም?» አለች።

«ጠይቂኝ።»

«መጽሔቱ ላይ የከንቲባውን ትንቢት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው ሰው በእኔ ነገር ሲስቅ ያየሁት። ስምዎን ለምን አደረጉበት?»

አዳማ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶናል። ሁሉንም መናገር እችል ነበር፤ ከንፈሬም ተንቀሳቅሷል። ነገር ግን ልጅቷ ተምራ፣ ሠርታ፣ ሰው ተቆጥታ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው። የእኔን እስር ምን አድርጊበት ብዬ ልስጣት?

«ቀንቼብሽ ነው» አልኳት። «እንደዚያ መጻፍ እፈልግ ነበር። ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

መስኮት መስኮቱን እያየች ቆየች። መናኸሪያው ጋ ስንወርድ ቦርሳዬን አቀበለችኝና «ይሁን እሺ፣ መምህር፤ ይቅር ብዬዎታለሁ» አለችኝ።

ያኔ አብረውኝ የታሰሩት ሰዎች አንድ ቀን ይቅርታ የሚጠይቀን ይመጣል ይሉ ነበር። እስካሁን የመጣ የለም። ራሴ ጠይቄ፣ ራሴ ይቅር የተባልኩ እስረኛ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።