አልፒያ በፐ

ኦዳንግ የሞተር ሳይክል ወንበር ልባስ ሰፊ ነው። ኡጁንግብሩንግ ገበያ ጀርባ ያለው ሱቁ ከእኔ አምፕሊፋየር መጠገኛ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ሥራውን በቅርብ አይቻለሁ፤ ክሩ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ስፌት ከሌላው የማይበልጥ ነው። «ጥቁር ብረት» በሚባለው የሮክ ባንድ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቤዝ ጊታር ሲመታም እንደዚያው ነው።

ማይክ አጠገብ ግን ቆሞ አያውቅም። እኛ ሱንዳዎች ቋንቋችን ውስጥ «ፈ» ስለሌለች አትወጣልንም። ፊልሙን ፒልም፣ ፎቶውን ፖቶ እንላለን፤ እርስ በርስ ስንሆን ማንም ልብ አይለውም። ኦዳንግ ጎረምሳ ሳለ ዋና ከተማችን ጃካርታ መድረክ ላይ ወጥቶ «ኑ ፖቶ አብረን እንነሳ!» ብሎ የሚስቅበት በዛና ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ።

አምና ለሚስቱ ዘፈን ሠራላት። አልፊያ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ በሞተር የሚቀበላት እሱ ነው። ዘፈኑም ይኸው ነው። የባንዱ ልጆች «ለኛ ይለሰልሳል፣ ራስህ ዝፈነው» አሉት። የሰፈሩ ሬዲዮ ደግሞ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ አዲስ ነጠላ ዜማ ያስተዋውቃል፤ ለዚያ ተመዘገበ። ሐሙስ ማስረከብ አለበት።

«ሃያ አምስት ዓመት አብራኝ ኖራለች» አለኝ። «ስሟን በአደባባይ አበላሽቼ መሳቂያ አላደርጋትም። ካልተስተካከለ ይቅር።»

ረቡዕ ጠዋት ስቱዲዮ ገባን። እኔ የሄድኩት አምፑ እንዳያጉረመርም ለመጠበቅ ነው። ድምፅ የሚቀዳልን ቲጎር ሜዳን ከሚባል ሩቅ ከተማ የመጣ ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ጎረቤት ይሰማዋል።

ኦዳንግ ጀመረ፦ «አልፒያ፣ ፑላንግ...» ፑላንግ ወደ ቤት እንሂድ ማለት ነው።

ቲጎር ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ቀዳና በኛ ወግ «ካንግ»፣ ታላቅ ወንድም ብሎ ጠራው። «ካንግ ኦዳንግ፣ ሚስትህ አልፒያ ነው እንዴ ስሟ?»

«ኧረ በፈ ነው።»

«ታዲያ ለማይኩ ንገረው እንጂ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል!»

ኦዳንግ የታችኛ ከንፈሩን ነከሰና «አልፊያ» አለ፤ ጥርት ያለች ፈ። ደስ ብሎት ቀጠለ፦ «ፉላንግ...»

ቲጎር ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። «ፉላንግ ደግሞ የት ነው? አውቶቡስ ይሄዳል?»

ይሄ የኛ ሰው አመል ነው፤ መጠንቀቅ ከጀመረ ያገኘውን ፐ ሁሉ ፈ ያደርገዋል። ስሟ ሲስተካከል ቤቱ ይበላሻል፣ ቤቱ ሲስተካከል ስሟ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቀዳን። ኦዳንግ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ «ተዉት፣ ይቅር» ማለት ጀመረ።

«ለምን አንሰፋውም?» አልኩት ቲጎርን። «ስሟን ለብቻው፣ የቀረውን ለብቻው ቅዳና አጋጥመው።»

ስፌት ሲባል ኦዳንግ ገባው። በግማሽ ሰዓት አለቀ። መገጣጠሚያው እንኳን ለሰው ለእኔም አይሰማም። የመጀመሪያውን ቅጂ ግን ቲጎር ሊያጠፋው ሲል ስልኬ ላይ አስቀረሁት። ዕቃ መጣል አልወድም።

በዚያው ቀን አልፊያ ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ውስጥ አስቀመጥናትና አሰማናት። እስከ መጨረሻው ፊቷ አልተፈታም።

«ማነው የሚዘፍነው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ኦዳንግ።

«ማንን ነው የምትጠራው?»

«አንቺን ነዋ!»

«እኔን እንደዚህ የሚጠራኝ ከጃካርታ የመጣው አለቃችን ነው፤ እሱም ሳረፍድ። ስሰማው ሰዓቴን ልይ አሰኘኝ።»

ኦዳንግ መቀሱን አስቀመጠ። እኔም ብዙ ሳላስብ ስልኬን አወጣሁ። «ቴህ፣ እህቴ፣ እስቲ ይሄንን ስሚ» ብዬ የመጀመሪያውን ለቀቅኩላት።

«አልፒያ» ሲል እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ይኼ ባሌ ነው!»

«ሰው ይስቅብሻል እኮ» አላት።

«ይሳቃ! አንተ ያገባኸው እኔን ነው መታወቂያዬን?»

እናቷም እህቶቿም አልፒያ ነው የሚሏት። ራሷም ስሟን ስትናገር እንደዚያ ነው የምትለው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ማንኛችንም ልብ ብለን አናውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ኦዳንግ ቲጎር ፊት ቆሞ የመጀመሪያው እንዲወጣ እንደሚፈልግ ነገረው።

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያስቀዳኸኝ ለመጀመሪያው ነው?»

«አዎ።»

«ርዕሱስ እንዴት ይጻፍ?»

«በፐ» አለ ኦዳንግ፤ ከንፈሩንም አልነከሰም።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ትልቁን ስፒከሬን ኦዳንግ ሱቅ አስገብቼ ከሬዲዮው ጋር አገናኘሁት። አልፊያ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ኦዳንግ ልባስ የሚጠብቅ ደንበኛ ስላለ መስፋቱን አላቆመም፤ መርፌው ግን ሁለት ጊዜ ከመስመር ወጣበት። አቅራቢው የኛው ሰው ነውና ርዕሱን ሳይደናቀፍ አነበበው። ዘፈኑ ተጀመረ። ደንበኛው አልሳቀም፤ እንዲያውም ሁለተኛው ዙር ላይ አብሮ «አልፒያ፣ ፑላንግ» ማለት ጀመረ።

ሲያልቅ ሁላችንም አልፊያን አየናት። ዓይኗን ጠረገች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች። «ግን ካንግ፣ ቤዙ የታለ?»

እኔና ኦዳንግ ተያየን። ያን ሁሉ ሰዓት አንዲት ፊደል ስናሳድድ የቤዙን ድምፅ ከፍ ማድረግ ረስተን፣ የቤዝ ተጫዋቹ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ያለ ቤዝ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ኦዳንግ ክሩን በጥርሱ ቆርጦ ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።