ግማሽ የራስ ምታት

በእኛ ቆላ ፓራሲታሞል ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ኪኒኑ ስሙን የወሰደው ከሚያስታግሰው ሕመም ነው። ሰዉ ሱቅ ገብቶ «እስቲ አንድ ፍሬ የራስ ምታት ስጠኝ» ይላል። ከቆቦ ከተማ ተመድቤ ወደ ጤና ኬላው የመጣሁ ሰሞን፣ ሰው እንዴት በሽታ በገንዘቡ ይገዛል እያልኩ እስቅ ነበር። አሁን አያስቀኝም።

ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ስለ ጥንቱ የትኩሳት መድኃኒት አስተምሮናል። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የተገኘ ነው፤ ትኩሳት ያበርድ፣ ራስ ምታት ያስታግስ ነበር። ደም እያበላሸ የሰው ከንፈር ስላጠቆረ ግን ተተወ። ያሁኑ ኪኒን የእሱ ዘመድ ነው፣ ጠባዩ የተሻለ። «ሁለቱም ትኩሳቱን እንጂ በሽታውን አይነኩም» ይለን ነበር። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ፈተና ላይም በትክክል መለስኩት።

ማሽላው ሲያሽት ወባ ይነሳል። እናቶችን ጥላ ሥር ሰብስቤ «ልጅ ካተኮሰው መንገድ ላይ እንዳያንዘፈዝፈው ግማሽ ኪኒን ስጡትና ቶሎ አምጡት» እያልኩ አስተማርኩ። ቃሌን ሲደግሙልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ መንገዱ የተዘጋበት ዓመት መጣ። የወባ መመርመሪያው እያለቀ ሄደና የቀረውን መቆጠብ ግድ ሆነ። ቴርሞሜትሩ ትኩሳት ያሳየበትን ብቻ ልመረምር ለራሴ ወሰንኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት እናት የአራት ዓመት ሴት ልጇን አዝላ ደረሰች። ባጃጅ ስላልነበረ መንገዱን ሁሉ በእግሯ ነው የመጣችው። ልጅቷ ተኝታለች። ብብቷ ሥር ለካኋት፤ ትኩሳት የላትም።

«ስትነድ ነው ያደረችው፣ እታለም» አለችኝ እናቷ።

«መድኃኒት ሰጥተሻት ነበር?»

«ኧረ ወላሂ፣ ምንም! ከየት አምጥቼ?»

ብርድ ይሆናል፣ ካልተሻላት መልሰሽ አምጫት ብዬ ሳልመረምራት ሸኘኋት። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶ ሄድኩ። እናትየው አጠገቧ አስቀመጠችኝና ለጎረቤቶቿ ስለዚያ ቀን ትነግራቸው ጀመር። «የራስ ምታቱ በጅቷት ነበር እኮ። ጤና ኬላው ስንደርስ በርዳ ነበር።»

ክው አልኩ። «መድኃኒት አልሰጠኋትም አላልሽኝም?»

«መድኃኒትማ አልሰጠኋትም። ግማሽ የራስ ምታት ነው የሰጠኋት። አንቺው አይደለሽ ስጡ ያልሽን?»

ልትወቅሰኝ አልነበረም። የነገርኳትን እንደፈጸመች ነው የነገረችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዓመት ሙሉ በጆሮዬ የሰማሁትን ስም፣ የሳቅኩበትን ስም፣ መጠየቅ በነበረብኝ ሰዓት ረሳሁት። ኪኒኑ ትኩሳቱን ደበቀብኝ፤ እኔም የተደበቀውን የለም አልኩ።

ዘንድሮ መንገዱ ተከፍቷል፤ መመርመሪያም ሞልቷል። አሁን እናቶችን «የራስ ምታት ሰጥተሻል?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ባለፈው ሳምንት ያቺው እናት ከሞተችው ልጇ በኋላ የወለደቻትን ሕፃን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«የራስ ምታት አልሰጠኋትም! መንገድ ላይ ሁለቴ አንዘፈዘፋት፣ ወላሂ አልሰጠኋትም። እንደነደደች ነው ያመጣኋት።»

ልጅቷን ስነካት እጄን አቃጠለኝ። ኪኒኑ በእናቷ መቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። ሳትፈታው ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው። ይህንንም በጥያቄዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ከኪኒኑ ለልጅቷ የሚሆናትን ቆርሼ በማንኪያ ውሃ በጠበጥኩና ወደ አፏ አስጠጋሁት። እናቷ የልጅቷን አፍ በመዳፏ ከደነችው።

«መጀመሪያ ለኪያት» አለችኝ።