ስድስተኛው ኮት

ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ጨዋ ይባላል። እኔ የአንድ አንጋፋ ሮክ ባንድ ማስታወሻዎች ስለምሰበስብ አበደች ተባልኩ። ይበሉ። ለማስተማር ሐረር ተመድቤ ስመጣ፣ ፈላና በር አካባቢ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ በፖስተሮቻቸውና በካሴቶቻቸው ተሞላ። ድራም መቺው መድረክ ላይ የሰበረው ዱላም ነበረኝ፤ አከራዬ ለማገዶ ስታነሳው ደርሼ ከእጇ ነጥቄያታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቀሚስ ላሳጥር ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወደ መኪና ግርግር ወረድኩ። ግራና ቀኝ የስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ቀሚሴን ሲለኩ ቀና ብዬ ግድግዳቸውን አየሁና ክው አልኩ። ቀይ ኮት፣ ጥቁር ኮሌታ፣ ደረቱ ላይ ቢጫ መብረቅ። የባንዱ ነው። ቤቴ ባለው ትልቁ ፖስተር ላይ አምስቱ ይሄንኑ ኮት ለብሰዋል፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ብቻ በሸሚዝ ቆሟል። ተጣልተው ይሆናል እያልኩ ስንት ዓመት ተጨንቄያለሁ።

"አባባ፣ ይሄ ኮት የማን ነው?"

"መንግሥት ሊለወጥ ሰሞን ባንዶች መጥተው ስድስት አሰፉ። አምስቱ ለክተው ወሰዱ። አንዱን ድሬዳዋ ላይ ወባ ጣለው። እኔ ደሞ ባለቤቱ ሳይለካ ልብስ አላወጣም።"

ለካ ወባ ነው። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

"ይስጡኝ" አልኳቸው።

"አማና ነው፣ ልጄ። የሰው አደራ አይሰጥም።"

ሰባት ዓመት ለመንኳቸው። በየረመዳኑ ቴምር ይዤ ሄድኩ፤ ቴምሩን መርቀው ይቀበላሉ፣ ኮቱ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ዓይናቸው ደከመና ሱቁን ሊዘጉ ሆነ። "ወሩ ሲያልቅ እዘጋለሁ። እስከዚያ ባለቤቱ ካልመጣ፣ ወላሂ፣ አማናውን ላንቺ አስረክባለሁ" አሉኝ። ከዚህ ሁሉ እኔ የሰማሁት "ላንቺ" የሚለውን ብቻ ነው። የዚያኑ ዕለት ለኮቱ የሚሆን ሚስማር ግድግዳዬ ላይ መታሁ።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ባጃጅ ላይ የታሰረ ድምፅ ማጉያ የኔው ባንድ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስታዲየም እንደሚጫወት ለፈፈ። መንገድ ላይ ዘለልኩ። ወዲያው ኮቱ ትዝ አለኝ። አፌን ብዘጋ የኔ ነው። ሽማግሌው ቤትና ሱቅ እንጂ ሌላ አያውቁም፣ ባለቤቱም ረስቶታል። እስከ ዓርብ ዝም አልኩ፤ ባዶው ሚስማር ግን አላስተኛኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ባንዱ ያረፈበት ሆቴል ሄድኩ። ቤዝ ተጫዋቹ ቁርስ ላይ ነበሩ፤ ሸብተዋል፣ ቦርጫቸውም ጠረጴዛውን ይገፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያዘጋጀሁላቸው ንግግር በሙሉ ጠፋኝ። "ኮትዎ መኪና ግርግር ይጠብቅዎታል" አልኩ።

"እስካሁን?" አሉና እንቁላሉን ትተው ተነሡ።

ልብስ ሰፊው ከላይ እስከ ታች አይተዋቸው፣ "ዘገየህ" አሉ። ኮቱ እንቢ አለ፤ ቁልፍና ቁልፍ ማስገቢያው አልገናኝ አሉ። እኔ አፍሬ ልሞት ደረስኩ። ሽማግሌው ግን መቀስ አነሡ። "ስፌቱ ውስጥ ጨርቅ ትቼልሃለሁ። ሰው ይወፍራል።" ዓይናቸው መርፌውን ስላላየላቸው ክሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በአራተኛው ሙከራ።

ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የሌሎቹ ኮት ድሮ አልቋል። አምስቱ በሸሚዝ ወጡ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ብቻ በቀይ ኮት። ፖስተሬ ተገልብጦ መድረክ ላይ ቆመ። አለቀስኩም፣ ጨፈርኩም። አጠገቤ የቆመችውን ሴት ይዤ፣ "ብብቱ ስር ያለውን ክር መርፌ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ" ብዬ ጮህኩባት። አልሰማችኝም። ደግሜ ጮህኩ።