ስልኩን የቆለፈው ፈቃድ

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ አመሻሽ ላይ ድምፁን ታዳምጣለች። ድምፁ ያለው በኔ ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ ጥሪ የሚቀዳ ፕሮግራም ስለነበረው፣ በመጨረሻ ክረምቱ ከማሳ ደውሎ የጠራኝ ሳላስበው ተቀድቶ ቀረ። «ውሃው እየመጣ ነው፣ ቶሎ ና እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» ይላል። እናቴ ማንበብ ባትችልም የምትነካውን ምልክት አሳይቻት ለምዳዋለች። በሰማችው ቁጥር «መጣ፣ መጣ» ብላ ትመልስለታለች። ሌላ ቦታ ላስገለብጠው እያልኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።

በዚያ ሰሞን የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ለአማካሪዬ ልኬ መልስ እጠብቅ ነበር። መልሱ የሚመጣው በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ብቻ ነው። ሰፈራችን ከወረታ ወደ ይፋግ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ይላል፤ ኔትወርኩ ብቅ ጥልቅ ስለሚል የዩኒቨርሲቲው ገጽ ግማሽ ላይ ይቀራል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም ጫንና ከሱ ጋር አገናኘው፤ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር እያወረደ ያስቀምጥልሃል» አለኝ።

ወረታ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጫንኩት። አድራሻዬንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፤ አልቀበልም አለ። የሰርቨሩን ስም ጓደኛዬን ጠይቄ እንደገና ሞላሁ፤ ደግሞ እምቢ። ደሜ ፈላ። በመጨረሻ ሲቀበለኝ አንድ ጥያቄ አመጣ፦ ዩኒቨርሲቲው ስልኩ በቁጥር እንዲቆለፍ እንዲያስገድድ፣ ቁጥሩ ተደጋግሞ ከተሳሳተም ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዲያጠፋ ትፈቅዳለህ ወይ የሚል። ይህን ሁሉ ማን አንብቦ ይጨርሳል? ፈቀድኩ። የተማሪ መታወቂያዬን የመጨረሻ ቁጥሮች መክፈቻ አደረግኋቸው።

በማግስቱ ሩዝ ላስፈትግ ወረታ ወረድኩ። በእኛ ቤት ስልክ የአንድ ሰው አይደለም፤ ገበያ የሚሄድ ሰው፣ የሩቅ ዘመድ ቢደውል እንዳያጣን ብሎ ቤት ለሚቀረው ትቶ ይሄዳል። እኔም እንደ ልማዳችን ለእናቴ ተውኩላት። በዋዜማው አምሽቼ ስለገባሁ ድምፁን ሳትሰማ ነው ያደረችው፤ ስለ ቁጥሩ መንገር ትዝም አላለኝ።

መፈተጊያው ቤት ተራ ስጠብቅ ከጎኔ የቆመው ሰው ስልኩን ለመክፈት ቁጥር ሲጫን አየሁ። የኔ መክፈቻ ቁጥርና የፈቀድኩት ነገር ያኔ ትዝ አሉኝ። ስልኩን ለምኜ ደወልኩ፤ የተቆለፈ ስልክም ቢሆን ሲደወልለት ይነሳል።

«እማ፣ ስልኩን ነክተሽዋል?»

«ኧረ ልጀ፣ ምን ሁኖ ነው? ያባትህን ድምፅ ልሰማ ብል ቁጥር ብቻ ያመጣብኛል። ከጧት ጀምሬ እየነካካሁት ነው።»

«በቃ አስቀምጪው! እንዳትነኪው!»

መስማቷን ሳላውቅ መስመሩ ተቋረጠ። ብደጋግም አልገባ አለኝ።

ሩዙን ለሰውየው አደራ ብዬ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። መንገዱን የሞላው ከብት አላሳልፍ ሲል ሹፌሩ ላይ ጮህኩበት፤ ምን ያድርግ እሱስ። አባቴ በሞተ ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ያኔ የሆነው ሆኗል፤ ይሄ ግን ገና እየሆነ ነበር። ከአስፋልቱ ወርጄ በታጨደው ሩዝ መሀል ሮጥኩ።

እናቴ ደጃፍ ተቀምጣለች። ጣቷ እንዳይነካው ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ይዛዋለች። ተቀብዬ አነበብኩት፦ የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነው፤ ከተሳሳተ ሁሉም ይጠፋል። ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች።

እጄ የሩዝ ገለባ ብናኝ ለብሷል። በሱሪዬ ጠረግሁት። የመታወቂያዬ የመጨረሻ ቁጥሮች በዜሮ ይጀምራሉ፤ መክፈቻውን ስሠራ ዜሮዋን ከፊት አስገብቻት ነበር ወይስ ትቻት? እርግጠኛ አልነበርኩም። አስገባኋትና ተጫንኩ።

ተከፈተ።

አናቱ ላይ የአማካሪዬ መልስ መግባቱን የሚያሳይ ምልክት ነበር። አልፌው የአባቴን ድምፅ ከፈትኩላት። «ምን ትጠብቃለህ?» አለ እንደ ሁልጊዜው። እናቴ ግን «መጣ» አላለችም።

«እንዲያጠፉት ማን ፈቀደላቸው?» አለች።

«እኔ።»

«ማንን ጠይቀህ?»

አጠገቧ እንደተቀመጥኩ ፕሮግራሙን ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል አላቅቄ አጠፋሁት፤ የአማካሪዬም መልስ ሳላነበው ከስልኩ አብሮ ወጣ። በማግስቱ ወረታ ሻይ ቤት ከገጹ ላይ አነበብኩት። ደህና መልስ ነበር። እናቴም አብራኝ ወርዳ፣ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ድምፁ ወደ ሚሞሪ ካርድ ሲገለበጥ ከባለሱቁ እጅ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ቆማ ጠበቀች።

ካርዱ አሁን እሷ ዘንድ ነው። ስልኬን ስጪኝ ስላት ግን እስከ ዛሬም ከመስጠቷ በፊት ፊቴን ታያለች።