ጀርባ የማይሰጡ ሰው

ሽታው መጀመሪያ ያገኘኝ ደጃፍ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከደብረ ማርቆስ መጥቼ፣ ከመኪና መንገዱ እስከ ቤታችን ያለውን ጭቃ ረግጬ፣ ጫማዬን ሳወልቅ። ጣፈጥ ያለ፣ የሚከብድ ሽታ ነበር። እናቴ ፊቴን አየችና፣ "አጎዛው ነው" አለች። "ዝናቡ መች ለማስጣት ፋታ ሰጠኝ። ፀሐይ ስትወጣ አወጣዋለሁ።"

አጎዛው አባቴ የሚተኙበት የበግ ቆዳ ነው። እኔም አጎዛው ይሆናል አልኩ። እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

በዚያ ክረምት ሽማግሌ መንከባከብ እየተማርኩ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እናቴም ስቃብኛለች፤ "ሽማግሌ ለመጦር ደግሞ ትምህርት ቤት ተከፈተለት?" ብላ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ዲግሪዬን ይዤ ያለ ሥራ ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ አውስትራሊያ ያለ አንድ ኮሌጅ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንድማር ተቀበለኝ። ቪዛው እስኪመጣ ድረስ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጡረታ የወጣች ነርስ እንደ እኔ ላሉ ተጓዦች የምታስተምርበት ክፍል ገባሁ። ከቆርቆሮ መሸጫ በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ታች ቆርቆሮ ሲራገፍ ትምህርቱ ይቆማል። ከደምበጫ የመጡ ነበሩ፣ ከጉንደ ወይን የመጡ ነበሩ። ሁላችንም ሽማግሌ ባለበት ቤት ያደግን ስለሆንን የምናውቀው ይመስለን ነበር።

የምንለማመደው በትልቅ የላስቲክ አሻንጉሊት ነው፤ "አባባ" እንለዋለን። አንድ እጅ ትከሻው ላይ፣ አንድ እጅ ዳሌው ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ራስ መሳብ። ከመንካት በፊት ግን መናገር አለ፤ "አባባ፣ አሁን ወደ ግራ ላዞርዎት ነው፤ ይፈቅዱልኛል?" ላስቲክ ማስፈቀድ ያንከተክተን ነበር። ሲስተር፣ መምህራችንን ሁላችንም የምንጠራት እንዲሁ ነው፣ አትስቅም። "በየሁለት ሰዓቱ አዙሩ" ትላለች። "ባንድ ጎኑ የሚውል ሰው የሚበላሸው ከውስጥ ነው። ላዩን ስታዩት ደህና ይመስላችኋል።" የመማሪያው ሥዕሎች የፈረንጅ ቆዳ ናቸው፤ ቅላት ፈልጉ ይላሉ። እሷ ግን፣ "እኛ ቆዳ ላይ ቅላት አትጠብቁ፤ በእጃችሁ ፈልጉት። ሲሞቅና ሲጠጥር ታገኙታላችሁ" አለችን። እኔ ይህን ስሰማ የማስበው ላስቲኩን አልነበረም።

አባቴ ዲማ አካባቢ የቅኔ መምህር ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ተማሪዎቻቸው "የኔታ" ነው የምላቸው፤ አባባ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ሐምሌ ሲገባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንጋይ አንሸራቷቸው ወደቁና ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰበረ። ሆስፒታል ቢባሉ እምቢ አሉ። ወጌሻ አስሮላቸው መደቡ ላይ ተኙ። ማስተማሩን ግን አንድ ቀን እንኳ አላቋረጡም። ተማሪዎቹ በሩ አጠገብ ይደረደራሉ፤ እሳቸው በግራ ጎናቸው ተኝተው ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቅኔውን ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ይቆጣሉ። ጠዋትም እንዲያው ናቸው፤ ማታም እንዲያው።

በእኛ ቤት ለሰው ጀርባ አይሰጥም። ተማሪ ከየኔታ ፊት ሲወጣ እጅ ነሥቶ፣ ወደ ኋላው እየሄደ ነው ደጃፉን የሚያልፈው። እኔም ትምህርት ቤት ስሄድ እንዲያው ነበር የምወጣው፤ ደፉ አደናቅፎኝ ስንቴ እንደወደቅሁ አላውቅም። እሳቸውም በተራቸው ለተማሪ ጀርባቸውን አይሰጡም። ሊጠይቃቸው የሚመጣው ሰው ሁሉ፣ "ታመው እንኳ ሥርዓታቸውን አልለቀቁም" እያለ ሲያደንቅ ይሄዳል። አድናቆቱ ያበግነኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ፣ "የኔታ፣ ትንሽ ወደ ግድግዳው ቢዞሩ ይሻላል" አልኳቸው።

"ተማሪ ፊት?"

"ለጥቂት ሰዓት ነው።"

"ቅኔ ብሎ ካገሩ ተነሥቶ፣ እግሩ እስኪነቃ ተጉዞ ለመጣ ሰው ጀርባዬን ልስጠው? እዚያ የሚያስተምሩሽ ይህን ነው?"

ተማሪዎቹ አቀረቀሩ። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። መደቡ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ስለሆነ አይነሳም፤ ራስጌና ግርጌውን መቀየር ግን ይቻላል። እንዲያ ቢሆን በቀኝ ጎናቸው ተኝተው ፊታቸው ወደ በሩ ይሆናል። ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ደነገጡ።

"እግሬን ወደ መቅደሱ ልዘርጋ?" አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በራስጌያቸው በኩል ነው።

እናቴ አማተበች። ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ማታ ጋቢያቸውን ላስተካክል ብዬ እጄን ከተኙበት ዳሌያቸው ስር ሰደድኩ። በጋቢው ላይ እንኳ ይሞቃል። ሁለተኛ ልጫነው ስል አንጓዬን ያዙኝ። "ተይ" አሉኝ። እናቴ ፊታቸውንና እግራቸውን ታጥባቸዋለች፤ ሌላውን በጋቢያቸው ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠራርጉት ራሳቸው ናቸው። ልጅ ያባቱን ገላ አይገልጥም። ይህን ደግሞ ማንም አላስተማረኝም፤ ሳውቀው ነው ያደግሁት። ስለዚህ ከታች ያለውን ያየ ሰው በቤቱ አልነበረም።

"ያምዎታል?" ብላቸው፣ "ድሮ ይቆጠቁጠኝ ነበር፤ አሁን ተወኝ" አሉ። እናቴ ተመስገን አለች።

ሰኞ ለሲስተር ነገርኳት። ላስቲኩን እያጠበች ነበር። እጇን አደራረቀችና፣ "መቆጥቆጡ ነበር የሚሻለው" አለች። "እዩት። ጎትታችሁም ቢሆን እዩት።"

ያ ሳምንት አላልፍ አለኝ። ክፍል ውስጥ "ይፈቅዱልኛል?" ስንባባል ሳቁ ከእኔ ላይ ጠፋ። ላስቲኩን ባዞርኩት ቁጥር ዳሌውን እጫን ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ቤታችን ስደርስ አጎዛው አጥር ላይ ተሰጥቶ አየሁት። ነካሁት፤ ደርቋል። አሸተትኩት፤ የበግ ሽታ ብቻ ነው። ውሻችን ደፉ ላይ ተኝቶ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጎ ነበር፤ ስረግጠው እንኳ አልተነሣም። ከዚያ ሽታው መጣ። ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ተማሪዎቹ ከወትሮው ራቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጓል፤ እንደበረደው ለማስመሰል። የኔታ ፊታቸው ወደ በሩ ነው። የሚያርሙት በምልክት ነበር፤ ድምፃቸው ሳስቷል። ጋቢ ተደራርቦባቸው በረደኝ ይላሉ፤ ግንባራቸውን ስነካው ግን ይፋጃል። ዝንቦቹ ከተኙበት ዳሌያቸው አጠገብ ጋቢው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ያርፋሉ፤ እናቴ ታባርራቸዋለች፤ ተመልሰው እዚያው ላይ ያርፋሉ።

ተማሪዎቹን ውጡልኝ አልኳቸው። ሴት ልጅ እንዲህ አዝዛቸው አታውቅም፤ የኔታን አዩ። የኔታ አልከለከሉኝም። እጅ እየነሡ ወደ ኋላቸው እየሄዱ ወጡ። በሩን ገርበብ አድርጌ መደቡ አጠገብ ተንበረከኩ። ከአፌ የወጣው ያው የምንስቅበት ነገር ነው።

"የኔታ፣ አሁን ጋቢዎን ገልጬ ጎንዎን ላየው ነው። ይፈቅዱልኛል?"

"ለዚያ አገር ሰዎች እንዲህ እያልሽ ነው የምትጠይቂ?"

"አዎ።"

"ልጃቸው ሳትሆኝ?"

"ሳልሆን።"

"አያፍሩም?"

"ያፍሩ ይሆናል። ግን ስለማያውቁኝ ይቀላቸዋል መሰለኝ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እንግዲያው እኔንም እንደማታውቂኝ አርጊኝ" አሉና ራሳቸው አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አንድ እጄን ትከሻቸው ላይ፣ አንዱን ወገባቸው ላይ አድርጌ አዞርኳቸው። እናቴ የታሰረውን እግር ደገፈች። በጣም ቀላል ነበሩ፤ ላስቲኩ ይከብዳል። ጋቢው ተጣብቆ ነበርና በሞቀ ውሃ እያራስኩ አላቀቅሁት። ዳሌያቸው ላይ ያለው ጉድጓድ ቡጢዬን ይውጣል። ዙሪያው ጠቁሯል፤ ከመሐሉ ነጭ ነገር አየሁ። ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግሁም። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ይህ ሁሉ ከዓይኔ ስር ሲሆን?" አለች፤ ደጋግማ።

ደጅ ወጥቼ ለሲስተር ደወልኩ።

"አጥንት ይታያል?" አለች።

"ይታያል።"

"ዛሬውኑ አምጫቸው" አለች፤ ይድናሉ አላለችም።

በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ የተሸከሟቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። በቀኝ ጎናቸው አስተኛኋቸው። ከጀርባቸው በኩል የሚሄዱት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የመምህራቸውን ጀርባ አዩ።

ሆስፒታል ብዙ ሰነበትን። ቁስሉን ያጥቡታል፣ ያሽጉታል፤ ትኩሳቱ ይሄድና ይመለሳል። እኔና እናቴ ሰዓት ጠብቀን እናዞራቸዋለን፤ ከጀርባቸው ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ጀርባቸው። በግራ ከቶ አይሆንም። አልጋው የተጠጋው ከግድግዳ ነውና በቀኝ ሲሆኑ የሚያዩት ግድግዳውን ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ለመዞር ይሞክራሉ፤ እኔ ትከሻቸውን ይዤ እከለክላቸዋለሁ። እጄን አይቃወሙም ነበር። ቢቃወሙኝ እመርጥ ነበር።

እዚያው እያለን ቪዛው መጣ። አልሄድም አልኳቸው። "ጀምሮ የሚያቋርጥ ተማሪ አልወድም" አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ መቅረት ሊሰሙኝ አልፈቀዱም። እናቴም ከሳቸው ጋር አበረች።

የሄድኩ ቀን መኪናው ሆስፒታሉ ደጅ ቆሞ ሹፌሩ ጡሩምባ ያሰማል። የኔታ በቀኝ ጎናቸው ነበሩ። ከጀርባቸው ያዞርናቸው ገና አሁን ነው፤ ጅራት አጥንታቸውም መሞቅ ጀምሮ ነበር። ያ ቀን የመጨረሻችን መሆኑን ሁለታችንም አውቀነዋል። ትከሻቸውን ሳምኩ። የማየው ጆሮአቸውንና ጥምጥማቸውን ነው።

"ልዙርልሽ?" አሉ ወደ ግድግዳው።

ፊታቸውን ማየት ፈልጌ ነበር። ከምንም ነገር በላይ ፈልጌ ነበር።

"አይዙሩ የኔታ" አልኳቸው። "ሰዓቱ አልደረሰም።"

"እንግዲያው ሂጅ። መንገድሽን ያቅናልሽ።"

እጅ ነሣሁ። ጀርባቸውን እያየሁ፣ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ፣ በሩ ድረስ ወጣሁ።